አስራ አንድ መስኮትና አንድ ጥቁር ድንጋይ

ጋሽ ሚሊን የሚያውቅ ሰው ጠረጴዛቸውን ሳያውቅ አይቀርም። በውሃ መሥሪያ ቤቱ ሁለተኛ ፎቅ፣ ከደረጃው በስተግራ ባለው ክፍል፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የተዘረጋ የእንጨት ጠረጴዛ ነበር፤ ርዝመቱ አራት ሜትር ከሃያ። አራት ከሃያ መሆኑን የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ሌላው ሰው "ረጅም ነው" ብሎ ያልፈዋል። ስማቸውም የወጣው ከዚሁ አመል ነው። በእሳቸው ካርታ ላይ አንድ ሚሊሜትር መሬት ላይ ግማሽ ሜትር ስለሆነ፣ አንዲት ሚሊ የተዛነፈች እንደሆነ እህል ውሃ አይወርድላቸውም። ቤታቸው ግድግዳ ላይ ፎቶ ሲሰቀል እንኳ ባለቤታቸው መዶሻውን ይሰጧቸውና ጎረቤት ደርሰው፣ ወሬያቸውን ጨርሰው ሲመለሱ ምስማሩ ገና አልተመታም።

ሥራቸው ከመሬት በታች ያለውን ቧንቧ ሁሉ ወረቀት ላይ ማስቀመጥ ነው። ቆፋሪ የት እንደሚቆፍር፣ የት ደግሞ ዶማውን እንዳያሳርፍ የሚያውቀው ከእሳቸው ካርታ ነው። አሠራራቸው ለሠላሳ አንድ ዓመት አልተለወጠም። ከግራ ድሮ የተሳለው ካርታ፣ ከመሀል አሁን የሚስሉት፣ ከቀኝ የመስክ ደብተሩ። የመስክ ደብተር ማለት ቡድኖቹ ቆፍረው ሲመለሱ "እዚህ ጋ እንዲህ አገኘን፣ እዚያ ጋ እንዲህ አደረግን" ብለው የሚጽፉበት፣ ጭቃ ያልተለየው አረንጓዴ ደብተር ነው። ሦስቱን ጎን ለጎን ዘርግተው ካላዩ እርሳስ አያነሱም። አንዴ የተዘረጋ ወረቀትም ሥራው ሳያልቅ አይታጠፍም።

ነፋስ እንዳያነሳቸው በየወረቀቱ ላይ ድንጋይ ይቀመጣል። ከወንዝ ዳር የተለቀሙ አራት ድንጋዮች ናቸው፤ ሦስቱ ነጣ ያሉ፣ አንዱ ጥቁር። ጥቁሩ የራሱ ወግ አለው። አንድ ካርታ አልቆ፣ ከደብተሩ ጋር መስመር በመስመር ተመሳክሮ ሲያበቃ፣ ጋሽ ሚሊ ጥቁሩን ድንጋይ በስተቀኝ የታችኛው ማዕዘን ላይ አስቀምጠው ያሳድሩታል። "ያደረ ካርታ ስህተቱን ራሱ ይናገራል" ይላሉ። የድንጋዩ ሆድ የሠላሳ ዓመት የእርሳስ ብናኝ ጠጥቷልና፣ ጠዋት ሲነሳ እንቁላል የምታህል ግራጫ ጥላ ትቶ ይነሳል። ጥላዋ በፎቶኮፒውም ላይ ትወጣለች። ንጽሕና የሚወደው ሥራ አስኪያጅ በዚህች ጥላ የተነሳ የፎቶኮፒ ማሽኑን ሁለት ጊዜ አስጠግኗል፤ ጠጋኙም ሁለቴ መጥቶ፣ መስታወቱን ወልውሎ፣ "አሁን ምንም የለበትም" ብሎ ሄዷል። ጋሽ ሚሊን የጠየቃቸው ሰው የለም፤ እሳቸውም ያልተጠየቁትን አይመልሱም።

በወሩ መጀመሪያ የኮሪደሩ ሰሌዳ ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። የንድፍ ክፍሉ ሙሉ በሙሉ ወደ ኮምፒውተር ይዛወራል፤ ጠረጴዛው በወሩ መጨረሻ ይወጣል፤ በኮምፒውተር ያለ ረዳት መሥራት የማይችል ሠራተኛ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ይመደባል። "ሠራተኛ" ይበል እንጂ ክፍሉ ውስጥ ያሉት ጋሽ ሚሊና አንዲት ወጣት ኢንጂነር ብቻ ናቸው። ኢንጂነሯ ደግሞ ማውዝ ይዛ የተወለደች ነው የምትመስለው። ማስታወቂያው ለማን እንደተጻፈ ለማወቅ ጠንቋይ መቀለብ አያስፈልግም።

ግምጃ ቤቱ ከግቢው ጀርባ ያለ የቆርቆሮ ቤት ነው። እዚያ የተመደበ ሰው ቀኑን ሙሉ የቧንቧ መጋጠሚያ በየመጠኑ ሲለይ ይውላል። ነውር ሥራ አይደለም። ነገር ግን ጋሽ ሚሊ ለጡረታ ሁለት ዓመት ቀርቷቸዋል፤ እነዚያን ሁለት ዓመታት ካርታ እየሳሉ መጨረስ ፈለጉ። ከዚህ ሌላ ምንም አልፈለጉም። ይህንንም ከባለቤታቸው በቀር ለማንም አልተነፈሱም።

"ታዲያ ተማረዋ!" አሉ ባለቤታቸው። "የእኔን ጠባይ የተማርክ ሰውዬ ማሽን ያቅትሃል?"

"አንቺ ስታኮርፊ የት እንደምትሄጂ አውቃለሁ፤ እህትሽ ቤት ነው። እሱ ግን ሲጠፋ የት እንደሚሄድ አይታወቅም።"

የሚጠፋው መስኮቱ ነበር። ኢንጂነሯ በየቀኑ ከምሳ በኋላ አንድ ሰዓት ታስተምራቸዋለች፤ መጀመሪያ ቀን፣ "ጋሼ፣ እያንዳንዱ ካርታ በራሱ መስኮት ይከፈታል። መስኮት ማለት ወረቀት ነው በሉት" አለቻቸው። ወረቀት ከሆነስ ደግ። ግን ሁለተኛው ሲመጣ የመጀመሪያውን የሚውጠው ምን ዓይነት ወረቀት ነው? ካርታ ሲከፍቱ ስክሪኑን ሞልቶ ይይዘዋል። ቀጥለው ደብተሩን ሲከፍቱ፣ ገጾቹን ኢንጂነሯ በስካነር አስገብታላቸዋለች፣ ካርታው ድራሹ ይጠፋል።

"የት ሄደ?"

"ከሥር ነው፣ ጋሼ።"

"ከምን ሥር?"

"ከደብተሩ ሥር። አልሄደም፣ ተሸፍኖ ነው።"

ጋሽ ሚሊ እጃቸው ሳያስቡት ወደ ስክሪኑ ይዘረጋና፣ ገለጥ ሊያደርገው ቃጥቶት ይመለሳል።

መስኮቱ ከላይ በቀኝ በኩል ሦስት ትናንሽ ምልክቶች አሉት፤ ሰረዝ፣ ሳጥንና ኤክስ። ሰረዟ መስኮቱን ስክሪኑ ግርጌ ወዳለችው ቀጭን መስመር ታወርደዋለች። ሳጥኗ ታሰፋዋለች ወይም ታጠብበዋለች። ኤክሷ ትዘጋዋለች። ኤክሷን ጋሽ ሚሊ ሞተው ነው የሚነኩት፤ የተዘረጋ ወረቀት ሥራው ሳያልቅ አይታጠፍማ! ሰረዟን ግን ሌላ ነገር ሲፈልጉ በስህተት ይነኳታል፤ ካርታው ቁልቁል ተስቦ ይጠፋል። ኢንጂነሯን መጥራት ደግሞ አይሆንላቸውም፤ "ያለ ረዳት" የምትለዋ ቃል ከኮሪደሩ ድረስ ታፈጥባቸዋለች። ስለዚህ ወደ ፎልደሩ ገብተው ካርታውን እንደገና ይከፍቱታል። ከች ይላል። "መጣህ?" ይሉታል። አልመጣም፤ የመጣው አዲሱ ሥራ ያልገባበት ሌላ ቅጂ ነው፤ የፊተኛው ሴቭ ሳይደረግ ከነሥራው ከሥር ተቀምጧል። ይህን የነገራቸው የለም፤ ኢንጂነሯ እንዲህ ያለ ነገር ሰው ያደርጋል ብላ በሕልሟም አላሰበችውም።

"ብዙ መስኮት ሲከፈት ጎን ለጎን የሚደረድር ትእዛዝም አለ" አለቻቸው አንድ ቀን ሰዓቷን እያየች። "እሱን ሐሙስ አሳይዎትና፣ ያለ ረዳት መሥራት መቻልዎን የሚጠይቀውን ቅጽ እንሞላለን።"

ከሐሙስ በፊት ረቡዕ መጣ። የቁፋሮው ፎርማን ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ባለው መንገድ አዲስ መስመር ሊዘረጋ ስለሆነ ካርታውን በዚያው ቀን ፈለገው። ፎርማኑና ጋሽ ሚሊ በአንድ ዓመት የተቀጠሩ ናቸው፤ "አንተ" እየተባባሉ ነው ያረጁት። ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ ሲያወራ መንገድ ላይ ያለ ሰው ሰላምታ መስሎት እጅ የሚነሳለት፣ ድምፀ ጎርናና ሰው ነው። ሁለት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ አለበት፤ አንዱ የስልክ ገመድ ቆርጦ፣ አንዱ የሰው አጥር ጥሎ። ሦስተኛው ከመጣ መባረር እንደሆነ ተነግሮታል።

በዚያ መንገድ ላይ አንድ ነገር አለ። ድሮ የተሳለው ካርታ ዋናውን ቧንቧ በመንገዱ ዳር ቀጥ አድርጎ ያሳየዋል። የመስክ ደብተሩ ግን ሌላ ይላል፤ ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት የዛፍ ሥር ቧንቧውን አንቆት፣ ያኔ የነበረው ቡድን ዛፉ ጋ ሲደርስ ሁለት ሜትር ተኩል ወደ መንገዱ መሀል አጥፎታል። በጋሽ ሚሊ ቋንቋ አምስት ሚሊ ማለት ነው። የዚያ ቡድን ሰዎች ሁሉም ጡረታ ወጥተዋል፤ መታጠፊያውን የሚያውቁት ደብተሩና ጋሽ ሚሊ ብቻ ናቸው። አዲሱ ጉድጓድ የሚቆፈረው ደግሞ እዚያው መንገዱ መሀል ላይ ነው። መታጠፊያው ካርታው ላይ ከሌለ የመጀመሪያው ዶማ ዋናው ቧንቧ ላይ ያርፋል፤ ግማሹ ከተማ ያለ ውሃ ይውላል፣ ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ሰውም በውሃው ግፊት ምን እንደሚሆን አይታወቅም።

ጋሽ ሚሊ መታጠፊያውን ሳሉት። ያን ቀን የሆነውን ሁሉ ቢረሱ ይህን አይረሱም፤ አምስት ሚሊ ለክተው፣ አጉልተው አይተው፣ ስለውታል። ከዚያ የቫልቮቹን ቁጥር ከደብተሩ ሊያዩ ሲሉ ካርታው ጠፋ። ከፎልደሩ ከፈቱት። መጣ። ቫልቭ አስገቡ። ደብተሩ ጠፋ። ደብተሩን ሲፈልጉ ካርታው ጠፋ። ከፈቱት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለችው ሴት ኮምፒውተር ብትማር ከዚህ የተለየ ባላደረገች ነበር። የመጨረሻው ላይ ቫልቮቹንና የቤት ቁጥሮቹን በአንድ ትንፋሽ ጨርሰው ሴቭ አደረጉ፤ ፕሪንተሩ እያጉረመረመ አወጣው።

ወረቀቱ ሞቅ ብሎ ነበር። ጥቁሩን ድንጋይ አነሱ። ከታች የጭነት መኪናው ሹፌር ጥሩምባውን ነፋ፤ ደግሞ ነፋ። ያ ካርታ የሚያድርበት ጊዜ አልነበረውም። ድንጋዩን መልሰው ቦታው አኖሩትና ወረቀቱን ጠቅልለው በመስኮት፣ በእውነተኛው መስኮት፣ ለሹፌሩ ጣሉለት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ስክሪኑን ብቻ አጥፍተው፣ ኮምፒውተሩን እንደተከፈተ ትተው፣ በራሳቸው ደስ ብሏቸው ወደ ቤታቸው ሄዱ። "ያለ ረዳት ጨረስኩት" አሉ ለባለቤታቸው፤ ባለቤታቸውም እራት ላይ ከወትሮው ጨመር አደረጉላቸው።

ሐሙስ ጠዋት ኢንጂነሯ ቅጹን ይዛ መጣች። አንድ ጥያቄ ብቻ ነበረው፤ "ሠራተኛው በርካታ መስኮቶችን ከፍቶ ያለ ረዳት መሥራት ይችላል? ይችላል፣ አይችልም።" ስክሪኑን አበራች።

"ምነው ማሽኑ ተንፏቀቀ?" አለችና የስክሪኑን ግርጌ አየት አደረገች። ከዚያ በሳቅ ፈረሰች። "ጋሼ! አንዱን ካርታ አስራ አንድ ጊዜ ከፍተውታል እኮ!"

"እየጠፋብኝ ነዋ።"

"አይጠፋም! ሁሉም እዚሁ ነው ያለው። ግዴለም፣ ጥሩ አጋጣሚ ነው፤ መደርደሩን ይዩት።" አንድ ቦታ ተጫነች።

አስራ አንዱ መስኮት ከያሉበት ወጥተው፣ እየጠበቡ፣ አንዱ ከአንዱ ሳይነካካ ስክሪኑን ሞልተው ተቀመጡ። ጋሽ ሚሊ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ። ጠረጴዛቸው ነበር። ሳምንታት ሙሉ ሲያሳድዱት የከረሙት ነገር፣ ሁሉም ተዘርግቶ፣ ሁሉም በአንድ እይታ፣ ይኸው ፊታቸው ላይ።

"አያምርም?" አለች ኢንጂነሯ። በዚያው ስልኳ ጠራና እያወራች ወደ ኮሪደሩ ወጣች።

ሚሊ ሲለቅም የኖረ ዓይን ግን ደስ ብሎት ዝም ብሎ አይቀመጥም። ከግራ ጀምረው አዩ። የመጀመሪያው ላይ ዋናው መስመር ቀጥ ያለ ነው። ሁለተኛውም ቀጥ። ሦስተኛው ላይ ዛፉ ጋ ሲደርስ ታጥፏል፤ ቫልቭ ግን የለውም። አራተኛው ቀጥ። አምስተኛው፣ ስድስተኛው፣ እስከ አስረኛው ድረስ ቀጥ። አስራ አንደኛው፣ ሴቭ ተደርጎ የታተመው፣ ቫልቮቹ ሁሉ አሉት፤ የቤት ቁጥሮቹም አሉት። መስመሩ ቀጥ ያለ ነው።

ፎርማኑ የያዘው ወረቀት ይሄ ነው።

ጋሽ ሚሊ ማውዙን እንደያዙ ቀሩ። እዚህ ላይ አንድ ክፉ ሐሳብ መጣባቸው፤ መምጣቱን መደበቅ አያስፈልግም። መታጠፊያውን አስራ አንደኛው ላይ ማስገባት፣ ሴቭ ማድረግ፣ የቀሩትን አስሩን በኤክሷ መዝጋት። የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው፤ አሁን ደግሞ ያውቁበታል። ፋይሉ ትክክል ይሆናል። ወረቀቱስ? ወረቀቱ ጉድጓድ ውስጥ ጭቃ ሆኖ ይቀራል። ቧንቧው ሲፈነዳ የሚጠየቀው ማን ነው? ሁለት ማስጠንቀቂያ ያለበት ሰው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። ቅጹ ላይ "ይችላል" ይጻፋል፣ ሁለቱ ዓመት ካርታ ሲሳል ይታለፋል። ይህ ሐሳብ ጭንቅላታቸው ውስጥ የቆየው አንዲት ደቂቃ ቢሆን ነው። ጋሽ ሚሊ ግን ስለዚያች ደቂቃ ዛሬም ያፍራሉ።

ስልኩን አንስተው ፎርማኑ ጋ ደወሉ። ይጠራል፤ አይነሳም። ደግመው ደወሉ። አይነሳም።

"ልጄ!" ብለው ተጣሩ። ኢንጂነሯ ስትገባ ስክሪኑን አሳዩዋት። "ይሄን መታጠፊያ አየሽ? የታተመው ላይ የለም። ስህተቱ የኔ ነው። አንቺ እግርሽ ወጣት ነው፤ ሩጪና 'አቁሙ' በያቸው። እኔ ደብተሩን ይዤ እከተልሻለሁ።"

ልጅቷ አንድ ጊዜ ስክሪኑን፣ አንድ ጊዜ እሳቸውን አየች። ቅጹን ጠረጴዛው ላይ ጥላ ሮጠች።

ጋሽ ሚሊ አረንጓዴውን ደብተር ብብታቸው ሥር ይዘው ወጡ። ከቢሮው እስከ ትምህርት ቤቱ የአሥራ አምስት ደቂቃ መንገድ ነው፤ በእሳቸው ጉልበት ሃያ። ሱቆቹ እየተከፈቱ ነበር። አንድ ፀጉር አስተካካይ በሩ ላይ ፎጣ እያሰጣ ሰላም አላቸው፤ መልሰውለት አለፉ። ጆሯቸው ያለው ወደፊት ነው። የአስፋልት መስበሪያው ማሽን ሲጮህ ከሦስት መንገድ ማዶ ይሰማል፤ ምንም አይሰማም። ገና አልጀመሩም ይሆን? ወይስ ጨርሰው፣ ሰብረው፣ ውሃ ውስጥ ናቸው? ጎንበስ ብለው የመንገዱን ቦይ አዩ። ደረቅ ነው። ትንሽ ተነፈሱ።

ትምህርት ቤቱን ዞረው ሲደርሱ አስፋልቱ እንዳለ ነበር። ቡድኑ ትልቁ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጧል፤ ኢንጂነሯም ከመሀላቸው ሆና ጉንጯ ቀልቶ ታለከልካለች። ፎርማኑ የተደፋ የእጅ ጋሪ ላይ ተቀምጦ፣ ካርታውን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶታል።

"መጣህ?" አለ ፎርማኑ። "ሹፌሩን ልኬብህ ነበር፤ ተላለፋችሁ መሰለኝ። ስልኬም ኮቴ ኪስ ውስጥ፣ ኮቴም መኪናው ውስጥ ነው።"

"ለምን ላክህብኝ?"

"ድንጋይህ የለማ!"

ጋሽ ሚሊ አልገባቸውም። ፎርማኑ ወረቀቱን ዘቅዝቆ፣ ባዶውን የታችኛውን ማዕዘን በአፈር ጣቱ መታ መታ አደረገው።

"ያቺ ጥላህ ናታ! መጀመሪያ ሰሞን ቆሻሻ መስላኝ ነበር። ኋላ ሳስተውል፣ እሷ ያለችበት ካርታ አንድ ቀን ጉድ ሠርቶኝ አያውቅም። አንተ ታመህ የተኛህ ጊዜ ግን ጥላ የሌለበት ካርታ ሰጡኝ፤ የስልክ ገመዱን የቆረጥኩት ያኔ ነው። ከዚያ ወዲህ ጥላዋን ሳላይ አልቆፍርም። ልጆቹም ያውቃሉ፤ ጠይቃቸው።"

ልጆቹ የተባሉት፣ አብዛኞቹ ሽበት ያበቀሉ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ሠላሳ ዓመት ሙሉ ምነው ሳትነግረኝ?"

"መቼ ጠየቅከኝ?"

አንዱ ቆፋሪ ባልዲ ገልብጦ ጋሽ ሚሊን አስቀመጣቸው። ያ ድንጋይ ለእሳቸው የእጅ አመል ነበር፤ ነፋስ መከላከያ፣ ለአንድ ሌሊት ማረፊያ። እነዚህ ሰዎች ግን በየጉድጓዱ ሲወርዱ ነፍሳቸውን አስይዘውበት ኖረዋል። ትናንት ደግሞ፣ ጥሩምባ ስለተነፋባቸው፣ ሳያኖሩት ቀሩ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ ለመደበቅም አልሞከሩም።

"ወረቀቱ ስህተት ነው" አሉ። "ዋናው መስመር እዚህ ጋ ይታጠፋል። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።"

ደብተሩን ከፈቱ። ሜትር ዘርግተው ከዛፉ ግንድ ለኩ፣ አስፋልቱ ላይ በኖራ አሰመሩ። ፎርማኑ ወደ እግሩ ተመለከተ። መስመሩ በሁለት ጫማዎቹ መሀል አልፏል፤ የመጀመሪያውን ዶማ ሊያሳርፍ ያሰበው እዚያው ላይ ነበር። ቀስ ብሎ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

"ስማኝ" አለ በኋላ፣ በእሱ ቤት በሹክሹክታ። "ማሽኑ ነው በላቸው። ከእጅ አይሻል ዶማ ነው ያመጡብህ። ማሽን አፍ የለው፣ አይከራከርህ።"

"ማሽኑ ያዘዝኩትን ነው ያደረገው" አሉ ጋሽ ሚሊ። "አስራ አንድ ቦታ በታተንኩት፣ አስራ አንድ ቦታ አስቀመጠልኝ።"

ከሰዓት በኋላ ሦስቱም ሥራ አስኪያጁ ፊት ተቀመጡ። ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛው ላይ ለፎርማኑ የተዘጋጀ ሦስተኛ ማስጠንቀቂያ ነበረው፤ ቡድኑ እስከ ረፋድ ሥራ ሳይጀምር ተቀምጧል የሚል። ጋሽ ሚሊ ሌላው ሳይናገር ቀድመው ሁሉንም ተናገሩ፤ የጠፋውን መስኮት፣ አስራ አንዱን ቅጂ፣ ያላደረውን ወረቀት። ያችን አንዲት ደቂቃ ሳይቀር ተናገሩ።

"ግን እኮ አልገባኝም" አለ ሥራ አስኪያጁ ወደ ፎርማኑ ዞሮ። "ወረቀቱ ስህተት መሆኑን በምን አወቅክ?"

"አላወቅኩም። ድንጋዩ ስለሌለ ነው።"

"የምን ድንጋይ?"

ፎርማኑ ተነሳ፣ ከቁም ሳጥኑ ድሮ የተሠሩ ካርታዎች ቅጂ መዘዘ፣ የታችኛውን ማዕዘን አሳየው። ሌላ መዘዘ። እሱም ላይ አለ። ሥራ አስኪያጁ ግራጫዋን ጥላ አያት። ከዚያ በመስታወቱ ግድግዳ አሳልፎ ኮሪደሩ ላይ የቆመውን የፎቶኮፒ ማሽን አየ። ጆሮው ድረስ ቀላ።

"ሁለት ጊዜ እኮ አስፈታሁት" አለ በቀስታ። መጀመሪያ የሳቀችው ኢንጂነሯ ናት፤ ቀጥሎ ግን ራሱ ሥራ አስኪያጁ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ።

ሳቁ ሲበርድ ስለ ቅጹ ጠየቃት። ኢንጂነሯ ቅጹን ከቦርሳዋ አወጣች፤ አልተሞላም።

"'አይችልም' በይው፣ ልጄ" አሉ ጋሽ ሚሊ። "እውነቱ እሱ ነው።"

"ዛሬ ጠዋት አስራ አንዱንም መስኮት የደረደርኩት እኔ ነኝ" አለች ልጅቷ፣ ለሥራ አስኪያጁ። "አይቻቸው ሳቅሁ፤ 'አያምርም?' ብዬ ወጣሁ። ልዩነቱን አላየሁትም። ያዩት እሳቸው ናቸው።" ብዕሩን አነሳች፤ ሁለቱንም ቃል ሰርዛ ከሥሩ "በመማር ላይ ነው" ብላ ጻፈች። ትንሽ አሰበችና "ነው" የሚለውን "ነን" አደረገችው።

ሥራ አስኪያጁ ማስጠንቀቂያውን አጥፎ መሳቢያው ውስጥ ከተተው። "ጠረጴዛው ይወጣል" አለ። "እርስዎ ይቀራሉ።"

በወሩ መጨረሻ ጠረጴዛውን አራት ሰዎች ሊያወጡት መጡ። ጋሽ ሚሊ "እግሩ ካልተፈታ በበሩ አያልፍም፤ ሦስት ሳንቲ ይተርፈዋል" አሏቸው። አላመኗቸውም። ሲገፉ፣ ሲያዘነብሉ፣ የበሩን መቃን ሲልጡ ቆይተው እግሩን ፈቱት። ክፍሉ ባዶ ሲሆን ድምፅ ያስተጋባ ጀመር፤ ጋሽ ሚሊ ሁለት ቀን ያህል ሆዳቸው ባባ። ከዚያ ለመዱት። አሁን ስክሪኑ ላይ ሦስት መስኮት ብቻ ነው የሚከፍቱት፤ ከግራ የድሮው ካርታ፣ ከመሀል የሚስሉት፣ ከቀኝ ደብተሩ። አራተኛ ሳያስቡት ቢከፈት በኤክሷ ይዘጉታል። ሦስቱ ነጫጭ ድንጋዮች ስክሪኑ ሥር ተደርድረዋል፤ ጥቁሩ ታትሞ የወጣው ወረቀት ላይ ያድራል።

አንድ ጠዋት ፎርማኑ ራሱ ካርታ ሊወስድ መጣ። ጋሽ ሚሊ ድንጋዩን አንስተው ወረቀቱን ሰጡት። ፎርማኑ ሙሉውን አልዘረጋውም። የታችኛውን ማዕዘን ብቻ ገለጥ አድርጎ አየ፣ ጥላዋ አለች፤ አራት አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተውና ወደ በሩ ዞረ።

"ቆይ" አሉ ጋሽ ሚሊ። "አምጣው እስቲ።"

"ምን ሆንክ? ድንጋዩ አለ እኮ!"

"ስላለ ነው" አሉና ወረቀቱን ተቀብለው ስክሪኑ ፊት ዘረጉት፤ ከግራ ጀምረው፣ መስኮት በመስኮት፣ እንደ አዲስ ያመሳክሩ ጀመር። ፎርማኑም ወንበር ስቦ ተቀመጠና ጠበቃቸው።